መጀመሪያ የሚሠራው ቤት

ግራር ውኃ መንደር ያለው የእናቷ ቤት በጦርነቱ መቃጠሉን ማዕዶት የሰማችው ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ከተማ ሥራ ላይ ሆና ነው። የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎችን በማጉያ መነጽር እያየች ትገጣጥማለች። ስልኩን ዘጋች፤ ጓንቷን ቀየረች፤ ሺፍቷን ጨርሳ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። ከዚያ ወዲህም አልመጣም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሚኒሶታ ያሉ የግራር ውኃ ልጆችና ወዳጆቻቸው ኮሚቴ አቋቋሙ። ሐሳባቸው ተፈናቃዮቹን ወደ ቀያቸው መመለስና ቤታቸውን መልሶ መሥራት ነበር። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዌስት ሴንት ፖል፣ በናፍያድ ሱቅ ጓሮ ባለው ክፍል ይሰበሰባሉ። ናፍያድ ጎማ ነጋዴ ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። ክፍሉ ሁልጊዜ ጎማ ጎማ ይሸታል።

ማዕዶት ከአንድም ስብሰባ አልቀረችም። ተፈናቃዮቹ ዘንድ እየደወለች ማን መመለስ እንደሚፈልግ የምትጠይቀው እሷ ናት። አንዳንዶቹ ስልክ ላይ ያለቅሳሉ። እስኪጨርሱ ዝም ብላ ትሰማለች፤ ከዚያ ቤታቸው ስንት ክፍል እንደነበረው ትጠይቃለች።

ሌላው የግራር ውኃ ቤት በሩ ተነቅሏል፣ ቆርቆሮው ተወስዷል፣ ግድግዳው በጥይት ተበሳስቷል። እሳት የበላው ግን የእናቷ ቤት ብቻ ነው።

«ማን ነው ያቃጠለብሽ?» ብላ እናቷን ደጋግማ ጠይቃታለች።

«ጦርነት ነዋ፣ ልጄ» ትላለች እናቷ። ደሴ እህቷ ቤት ተጠግታለች። «የሌሎቹን አስቀድሙ። የኔ ይቆይ። እንዲያውም ባይሠራም ግድ የለኝም።»

ማዕዶት ይህን ደግነት ብላ ያዘችው።

የበረዶው ወራት ሲጀምር በሪሁን የሚባል ሰው ኮሚቴው ውስጥ ገባ። ሆፕኪንስ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ በቅርቡ ከኬንያ አስመጥታዋለች። ጣሪያ ሥራ ስለሚሠራ ስለ ቤት ያውቃል። ትውልዱ ጅማ ነው። ግራር ውኃ ዘመድ የለውም። ለምን መጣህ ሲሉት «ለመርዳት» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

አንድ እሁድ ናፍያድ የተቃጠለውን ቤት ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራው። አመድና የድንጋይ መሠረት ብቻ ነው የሚታየው።

«ጓዳው በዚህ በኩል ነው መሆን ያለበት» አለ በሪሁን በጣቱ እያሳየ። «መስኮቱ ደግሞ ሰፋ ይበል። የድሮው መስኮት ሰው አያሾልክም ነበር።»

ማዕዶት ዞር ብላ አየችው። «ግራር ውኃን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«አልፌበታለሁ» አለና ዓይኑን ሰበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትከታተለው ያዘች። ቤቶቹ በተራ ይሠሩ ሲባል በሪሁን ብቻውን ተነሥቶ የእሷ እናት ቤት ይቅደም ይላል። ቆርቆሮው ወፍራም ይሁን ይላል። ለበሩ ሁለት መቀርቀሪያ ይግባለት ይላል።

«ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አለ ናፍያድ አንድ ቀን።

«ምኔም አይደለም።»

«ወታደር ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ እንጃ።» ናፍያድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ሲጸጽተው እንዲህ ያደርገዋል።»

በሚቀጥለው እሁድ ፓርኪንጉ ውስጥ ጠበቀችው። በረዶ ይጥላል። ቫኑን አስነሥቶ ሊወጣ ሲል መስኮቱን አንኳኳች።

«ወታደር ነበርክ?»

ሞተሩን አጠፋው። «ነበርኩ።»

«ቤቱ ሲቃጠል እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ማን ነው እሳቱን የለኮሰው?»

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «በእኔ ምክንያት ነው የተቃጠለው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ እህቴ። ላልናገር ምያለሁ።»

ልትጮህ፣ ልትመታው አስባ ነበር የመጣችው። እጇን ከካፖርቷ ኪስ እንኳ አላወጣችም። የመኪናው መጥረጊያ ላይ በረዶው ሲከመር አየች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ለናፍያድ ነገረችው። ናፍያድ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። በመጪው እሁድ በሰው ሁሉ ፊት እንዲነገርና በሪሁን እንዲባረር ተስማሙ። በሪሁን ጣሪያ የሚሠራበት ድርጅት ዘንድም ደውሎ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንደሚያሳውቅ ናፍያድ ማለ።

እሁድ ደረሰ። ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ። በሪሁን እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ካፖርቱን አላወለቀም። የሚጠብቀውን ያወቀ ይመስላል። ማዕዶት ግን እናቷ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈለገችም። ናፍያድን «ትንሽ ጠብቀኝ» አለችውና ጎማዎቹ መሃል ገብታ ደሴ ደወለች።

«እማ፣ ቤትሽን ያቃጠለውን ሰው አግኝቼዋለሁ። እዚህ ነው ያለው። በሪሁን ይባላል።»

 

«በሪሁን?» አለች እናቷ። «በሕይወት አለ?»

«አለ። ዛሬ በሰው ፊት እናጋልጠዋለን። ራሱ አምኗል።»

«ምን ብሎ አመነ?»

«በእኔ ምክንያት ነው የተቃጠለው ብሎ።»

እናቷ ማልቀስ ጀመረች። ማዕዶት እንደ ሌሎቹ ሁሉ እስክትጨርስ ዝም ብላ ጠበቀቻት።

«እንዳትነኩት፣ ልጄ፤ እንዳይናገር አስምዬው ነው» አለች እናቷ። «ጓዳዬ ደብቄው ሳለ ሊገድሉት የመጡ ታጣቂዎች ደጄን ከበውት ነበር፤ በጭሱ ተሸፍኖ እንዲያመልጥ ብዬ ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ።»