ማሽተት ክልክል ነው

«ጠርሙስ ከፍቶ ማሽተት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በጆሃንስበርጉ ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ኃላፊዋ ፀገነት ራሷ ናት። ክሎሮፎርም ጉበት እንደሚጎዳ፣ ያለ ጓንትና ያለ አየር መሳቢያ እንደማይነካ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምታስተምረውም እሷ ናት።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ቀላል ጉንፋን ነው ብላ ከናቀችው ሕመም ተነስታ ሥራ ስትገባ ዕቃ አጣቢው ዱካሞ በር ላይ ጠበቃት። ዱካሞ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ኦርቶዶክስ ነኝ ብትለውም «እህት» ማለቱን አልተወም።

«እህት ፀገነት፣ መሳቢያው አይስብም። ክፍሉ ሁሉ ክሎሮፎርም ክሎሮፎርም ይላል። ራሴን እያዞረኝ ነው።»

ፀገነት ማስኳን ዝቅ አድርጋ አየሩን ሳበች። ምንም የለም።

ነገሩ ወዲያው ገባት። የዱካሞ ወንድም ቴምቢሳ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው፤ ሻጩ ታሞበታል ሲባል ሰምታለች። ራሱን ያዞረው ሠራተኛ ደግሞ ከነደመወዙ እረፍት ይሰጠዋል። የቴምቢሳን ሱቆች እንደሆነ ታውቃቸዋለች፤ ሰሞኑን ከዚያ ያስመጣችው በርበሬ እንኳ ጣዕም የሚባል አልነበረውም። ምን እንደሚቀላቅሉበት እግዜር ይወቀው።

በማግስቱም ያንኑ ሲደግምባት ትዕግሥቷ አለቀ። የክሎሮፎርሙን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረደች፣ ከፈተችው፣ አፍንጫዋን ደቅና በረጅሙ ሳበች።

ምንም።

ራሷን አዞራት፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ንዴት ነው፣ አለች በልቧ።

«ይሄ ውሃ ነው» አለችው። «ክሎሮፎርሙን ለማን ሸጥከው?»

ዱካሞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «በጌታ ይዤሻለሁ፣ መጀመሪያ ክዳኑን ግጠሚው።»

ንጹሕ ሰው ምን ያስሸሸዋል? ከዛሬ ጀምሮ ሥራ እንደሌለው ነገረችው። ቦርሳው ሳይፈተሽ እንደማይወጣም ጨመረችና ወደ ጥበቃው ክፍል ወሰደችው። ዱካሞ ለሚስቱ ምን እንደሚላት እያሰበ ተከተላት።

ጥበቃው ከቦርሳው መጽሐፍ ቅዱስ አወጣ፣ ሹራብ አወጣ፣ በመጨረሻ የምሳ ዕቃ አወጣ። ክዳኑን ሲያነሳ ቆጮና በነጭ ሽንኩርት የታጨቀ የሁለት ቀን ዳጣ ብቅ አለ።

«ሃይቦ!» አለ ጥበቃው ደንግጦ በዙሉኛ። በማስኩ ላይ አፍንጫውን ጨምቆ ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ።

ፀገነት የምሳ ዕቃውን አንስታ አፍንጫዋ ሥር አደረገች።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አለች። «ምንም አይሸትም እኮ።»