ዓብዩ የሚነሳለት

ጠዋት ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ ዋሽንግተን ሥራ የምገባው ከሥሯ መንታ በሆነችው ካታማራን ጀልባ ነው። መንገድ ላይ የትም አትቆምም። ታዲያ የሥራ ባልደረባዬ ዓብዩ፣ ወንዙ መሃል ስንደርስ ሽማግሌ እንደገባ ሁሉ ብድግ ብሎ “ኖር” ይላል። የገባ ሰው የለም። የተነሳበት የመስኮት ወንበር እስክንወርድ ባዶውን ይሄዳል፤ እኔ ጉልበቴን እያመመኝ እቆማለሁ።

“ልቀመጥበት” ስለው፣ “ተይ ሰርክአዲስ፣ ነውር ነው” ይለኛል።

ዛሬ በቃኝ። ገፋ አድርጌው ተቀመጥኩ።

“ለማን ነው የምትነሳው? ለአየር? እሺ፣ እኔም ልበል፤ ኖር።”

ዓብዩ አንገቱን ደፋ።

ከጎኔ መስኮቱና ውሃው ብቻ ነው።

“በእግዜር” አለኝ ጆሮዬ ሥር የሽማግሌ ድምፅ። “ትንሽ ጠጋ በይ፣ ልጄ።”