የጎሬው ባለ ጥቁር መነጽር

አብዮቱ ስምንት ዓመት በሞላው ጊዜ የየአውራጃው አካል ጉዳተኞች ለስፖርት ውድድር መቱ ተሰበሰቡ። አስተናጋጇ መቱ ናት። አስተናጋጅ ማሸነፍ አለበት ብሎ ቀበሌው ወስኗል። ውሳኔው ለእንግዶቹ አልተነገራቸውም።

የመጀመሪያው ቀን መቱ በክንድ ትግል በያዮ ተሸነፈች። «ያዮዎች ማር ልሰው ነው የመጡት!» ተባለ። በሁለተኛው ቀን የመቱው አሎሎ ወርዋሪ የዳኞቹን ጠረጴዛ ሰበረ። ርቀቱ ሲለካ ግን አንደኛ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መቱና ጎሬ እኩል ሆኑ። የቀረው የዓይነ ስውራን ሩጫ ብቻ ነው።

ላሸነፈው ከተማ የብሩሽ መሥሪያ ይከፈትለታል ተብሏል። የመቱው ሯጭ ጅራታ ነው። መሥሪያው ከተከፈተ መጀመሪያ የሚቀጠረው እሱ ነው። ሚስቱ ሀረገወይን ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ቤቱ የሚያድረው እሷ በምታጥበው የሰው ልብስ ነው፤ ልጇ ደግሞ ገና አምስት ወሩ ነው። ስትጨነቅ ጡቷ እንዳይደርቅ ትፈራለች፤ ስትፈራ ደግሞ ይብሳታል።

ያን ቀን ልጇን አዝላ ከሜዳው ዳር ለእንግዶች ውሃ ታድል ነበር። የጎሬዎቹ ሯጭና መሪ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። ሁለቱም ቀይ ካናቴራ ለብሰዋል። ዲንቃ የሚባለው ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ብዙ አይናገርም። ወልደሰንበት የሚባለው ግን ወሬ አያልቅበትም።

«ይሄ የሚያለቅሰው ወንድ ነው አይደል? በዚህ ድምፁ ሊቀ መንበር ይሆናል!» አላት።

ሀረገወይን ሳቀችና ውሃ በጣሳ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። «ኩሩ ነው» አለች በልቧ፤ እጁን ይዛ አስጨበጠችው።

ዲንቃ ቀና አለ። «ያ ጨርቅ ተዘቅዝቆ ነው የተሰቀለው» አለ።

ሀረገወይን ዞር አለች። ከሜዳው በር በላይ ያለውን መፈክር ሦስት ቀን ሙሉ ልታነበው ሞክራ አልሆነላትም። መሠረተ ትምህርት የተማረችው የጠፋባት መስሏት ለማንም አልተናገረችም። እውነትም ተዘቅዝቋል። የሰቀለው የውድድሩ ሰብሳቢ ጓድ ገብረ መስቀል ስለሆነ ሌላውም ዝም ብሏል።

ወዲያው ደነገጠች። ዕውር እንዴት አየው?

ዲንቃ ጫማውን ሊያስር ፈቀቅ ሲል ወደ ወልደሰንበት ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ እኚህ ጓደኛዎ እውነት አያዩም?»

ወልደሰንበት ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ሲያይ አይቼው አላውቅም!» ብሎ ጣሳውን ሲመልስላት ከእጁ አመለጠው።

«የውሸታም እጅ ይንቀጠቀጣል» አለች ሀረገወይን በልቧ። እየሮጠች ወደ ባሏ ሄደች። ጅራታ የሩጫ መሪው ከሆነው ከደርበው ጋር ተቀምጧል።

«ባለ መነጽሩ ያያል!»

«አንቺ ሀረግ፣ አራስነቱ ራስሽ ላይ ወጣ እንዴ?» አለ ደርበው።

«ተዋት» አለ ጅራታ። «መጠርጠር ልማዷ ነው። እኔንም ሳታገባኝ በፊት ሦስት ቀን ዓይኔ ፊት ጣቷን አወዛውዛለች።»

«አንተ እንዴት አወቅህ?» አለች ሀረገወይን አፍራ።

«ነፋሱ ደረሰኛ!»

ፊሽካው ተነፋ። ደርበው የዱላውን ጫፍ ይዞ ከፊት፣ ጅራታ ሌላውን ጫፍ ይዞ ከኋላ ሮጡ። መቱ ላይ ዓይነ ስውር የሚመራው እንዲህ ነው፤ ገበያም ሲሄድ፣ ለቅሶም ሲሄድ። ጎሬዎቹ በገመድ ተያይዘዋል። ወልደሰንበት ከፊት፣ ባለ መነጽሩ ከኋላ።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ እኩል ነበሩ። ሀረገወይን ልጇን አቅፋ ከዳር ዳር ትሮጣለች። «ጅራታ! ብሩሹን አስብ!»

ድንገት አንዲት ጥጃ ሜዳው ውስጥ ገባች። ደርበው ጥጃዋን ፈርቶ ቆመ፤ ጅራታ ጀርባው ላይ ወጣበት። ወልደሰንበት ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጥጃዋ ነጎደ። ባለ መነጽሩ ከኋላ ገመዱን ወደ ግራ ሳበው። ሁለቱም ጥጃዋን አልፈው በሃያ እርምጃ አሸነፉ።

«አይታችኋል?» ጮኸች ሀረገወይን። «መሪው ያላያትን ጥጃ ዕውሩ አያት!»

ሜዳው ተናወጠ። «ሌባ! ጎሬ ሌባ!» ጓድ ገብረ መስቀል ሕዝቡን እየገፋ መጣ። ዲንቃን እጁን ይዞ ወደ መሀል አወጣው። ወልደሰንበት እዚያው የቆመበት ቀረ፤ ወደ ባዶው የጎል ብረት እጅ ይነሳል።

ጓድ ገብረ መስቀል መነጽሩን አወለቀና ሦስት ጣት አሳየ። «ስንት ነው?»

«ሦስት» አለ ዲንቃ። «አንዱ ቆስሏል፣ ጓድ፤ ቢታሰር ይሻላል።»

እልልታው ቀለጠ። ደርበው ዘለለ። ጅራታ «ያ ዋቃዮ!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። ሀረገወይን ልጇን ሳመች፤ ባሏን ሳመች፤ ተሳስታ ደርበውንም ሳመች። «ብሩሹ የእኛ ነው!» እያለች አለቀሰች።

ጓድ ገብረ መስቀል ጸጥታ አስከበረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እህ! ጓድ ዲንቃ፣ እንግዲህ በሕዝብ ፊት ታያለህ። ምን ትላለህ?»

ዲንቃ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ተመለከተ።

«እኔ ካላየሁ ታዲያ ወልደሰንበትን ማን ይመራዋል?»