የጠመኔ ምልክት

«አሁንም እዚሁ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ መዳፏን ግንቡ ላይ በጠመኔ ከተሰመረው ምልክት ላይ አሳርፋ። «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ብርድ ተመላለስኩ። በየቀኑ ምልክቱን አለፍኩ እላለሁ፤ ዛሬ ቀና ብዬ ሳይ ገና የመጋዘኑ ዘበኛ በር ጋ ነኝ። በቃኝ እማ፣ እንመለስ።»

እናቷ የልጇን የአንገት ልብስ አጠበቀች፣ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ሳበችው፣ ጨርሳ ደግሞ እንደ አዲስ ጀመረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ሥራ መፍታት አያውቅም።

ልጅቷ በሳንባ ምች ሁለት ወር ተኝታ ነበር። ሕመሙ ከለቀቃት በኋላም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛቱን አልተወችም። ሰው አታናግርም፤ የቀረበላት ምግብ ሳይነካ ይመለሳል። ሐኪሙ «ደህና አድርገው ያልብሷትና በየቀኑ ያውጧት። ቢበርድም ፀሐይ ይንካት፣ በእግሯ ትሂድ፤ መንፈሷም የሚመለሰው እንዲያ ነው» ሲሏት እናትየው ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዕድሜ ልኳን የመስኮት ስንጥቅ በቁርጥራጭ ጨርቅ ስትወትፍ የኖረች ሴት ናት። ለእሷ ብርድ በር ሥር ያደባ ሌባ ነው።

የሐኪም ቃል ሆነባትና አወጣቻት። ከቤታቸው አጠገብ የሚጀምረውን ረጅም የመጋዘን ግንብ ይዘው ይሄዳሉ፤ ልጅቷ የደከማት ቦታ ላይ እናትየው በስፌት ጠመኔዋ ታሰምራለች። በማግስቱ መስመሩን ማለፍ ነው። ልጅቷ በእግሯ እየዞረች ደብዳቤ የምታድል ናት፤ የግንቡ ጫፍ የደረሰች ቀን ወደ ሥራዋ ልትመለስ ተነጋግረዋል።

«ሯጯ! ዛሬም ቆመሽ ቀረሽ?» አላት ዘበኛው በርጩማው ላይ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ።

«አልሆነልኝም ጋሼ።»

«አይ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይሄ ምልክት እግር አለው። ሲመሻሽ ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።» እናትየውን በጎን አየት አደረገና ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ። «ብቻ እኔ የምጠብቀው መጋዘን ነው፤ ጠመኔ ጠብቅ ያለኝ የለም።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው።

«ምኑ?»

«የማንቀሳቅሰው። አንቺ ስትተኚ እወጣና አጠፋዋለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ጠጋ አድርጌ አሰምረዋለሁ። እልኸኛ ነሽ፤ ምልክቱን ሳታልፊ እንደማትመለሺ አውቃለሁ። ደረትሽን እንዳይጎዳሽ ብዬ ነው።»

«ስንት እርምጃ ትመልሺዋለሽ?»

«አምስት። አንዳንዴ ስምንት።» ጓንቷን ማፍተልተል ጀመረች። «ትናንት ስታስዪ ሰማሁና አሥራ አምስት።»

ልጅቷ ግንቡን ወደ ኋላ አየችው፣ ወደ ፊትም አየችው። አኩርፋ ቤት ትገባለች ብላ እናትየው ስትጠብቅ፣ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማችው ሁለት ወር አልፏታል። ሳቁ ወደ ሳል ሲዞር እናትየው እጇን ዘርግታ ተንደረደረች።

«እዚሁ ቁሚ!» አለቻት ልጅቷ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ሳሌንም አትቁጠሪብኝ።»

የአንገት ልብሷን አንድ ዙር አላልታ ሄደች። እናትየው እግሯ ከመሬቱ ጋር የተሰፋ ይመስል ቆመች። አልቆጥርም ብላ ነበር፤ ግን ቆጠረች። ሠላሳ ላይ ልጅቷ ቆመችና ግንቡን ተደገፈች። እናትየውም መቁጠሩን አቆመች። ከዚያ ልጅቷ ቀና ብላ ቀጠለች፤ እናትየውም ያኔ ነው ያስተዋለችው። የልጇ ቀኝ ትከሻ ትንሽ ዝቅ ብሏል። የደብዳቤው ቦርሳ የሚንጠለጠልበት ትከሻ ነው። ባዶውን ትከሻ ይዛ የሥራ አካሄዷን እየሄደች ነው።

«የኔ ልጅ ናት» አለች ለዘበኛው፣ የማያውቅ ይመስል።

ዘበኛው ከበርጩማው ተነስቶ ቆሟል።

«እማ! ጠመኔውን አምጪው!»

ሮጠች። ስትደርስ የምታለከልከው እሷ እንጂ ልጅቷ አልነበረችም።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል» አለቻት ልጇ። ጉንጯ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ፈሷል፣ ዓይኗ ግን በርቷል።

ልጅቷ ጠመኔውን ተቀብላ የምታሰምርበት ፈለገች። ግንቡ አልቋል። ከማዕዘኑ ወዲያ ሜዳ ብቻ ነው፤ ሣሩን የሸፈነው አመዳይ በፀሐዩ እየቀለጠ ይብለጨለጫል። ዙሪያዋን አየችና እናቷን በትከሻዋ ይዛ አዞረቻት። ጥቁሩ ካፖርት ጀርባ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ረጅም ነጭ መስመር ሳበች።

«ይሄን ደግሞ ወደ ኋላ ውሰጂው እስኪ።»

ሲመለሱ በዘበኛው ፊት አለፉ። «እትዬ፣ ካፖርትዎ ጠመኔ ነክቶታል» አለ ከኋላቸው።

የሰው ልብስ ስታስረክብ የጠመኔ ብናኝ እንኳ የማታስቀር ሴት ናት።

«ይተውት» አለች፣ ትከሻዋንም መስመሩ እንዳይጨማደድ ቀጥ አደረገችው።