ደፍ የሌለው በር

ኤቫሪስቶ የእናቱን ተሽከርካሪ ወንበር ቀለሙ ገና ወዳልደረቀው ቤት እየገፋ አስገባ። በቺሊዋ የወደብ ከተማ በቫልፓራይሶ ላሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሆነውን ይህን መኖሪያ የነደፈው እሱ ነው። «አስተያየትሽን ፈልጌ ነው» ብሎ፣ ኮረብታው ላይ ካለው ቤቷ በጎረቤቶች አሸክሞ ደረጃውን አስወርዶ አመጣት። በሩ ደፍ ስላልነበረው ምንም ሳትንገጫገጭ ገባች።

«ይሄን ዝቅ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ለዶሮ ነው እንዴ የሠራኸው?» አለች። ጉልበቷ ከሥሩ ዘልቆ ሲገባ ግን ሳቀች። መጸዳጃ ቤት ስትደርስ ግድግዳው ላይ ያለውን የብረት መደገፊያ ጨበጠች። ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ» አለችውና እየተንቀጠቀጠች ብቻዋን ቆመች። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ምንም አልተሰማውም።

«ዕቃዬን ማን ያወርደዋል?»

እዚህ ልትኖር እንደምትገባ ገና አልነገራትም ነበር።

«እኔ» አላት።

«ድመቴስ?»

«አይፈቀድም፣ እማዬ።»

ብረቱን እንደያዘች በአገጯ በሩን አሳየችው። «እንግዲያው ውጣልኝ፤ ልሽናበት።»

ተንሸራታቹን በር ራሷ ስባ ዘጋችው። እግሯ ከከዳት ወዲህ ያለ እሱ እጅ መጸዳጃ ቤት ገብታ አታውቅም። ኤቫሪስቶ ውጭ ቆሞ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ውሃው ሲለቀቅ ተሰማ። እናቱ ግን ለመውጣት አልቸኮለችም፤ እሱም አላንኳኳም።