ቀጭ የሚለው ድምፅ

«መኪናዬ ቤንዚን ስሰጣት ትንገጫገጫለች፤ ፔዳሉ አካባቢም ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አለ» አሉኝ ሽማግሌው የታክሲ ሹፌር። ከእኔ በፊት ያዩዋት ጋራዦች ሁሉ ካንዴላ ቀይረዋል፣ ካርቡሬተር አጥበዋል። ለውጥ የለም።

እኔ ስነዳት እንደ ቅቤ ሄደች። ማርሽ ቀያየርኩ፣ ፍሪሲዮን ቀስ ብዬም ቶሎ ብዬም ለቀቅኩ። ምንም የለም። ድምፅም የለም። ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት።»

«ጥርሴን የነቀልኩበትን ሥራ ልታስተምረኝ ነው?» ብለው መሪውን ያዙ። ገና ከጋራዡ በር ሳንወጣ መኪናዋ እንደ ደነበረች በቅሎ ትዘል ጀመር። ቀጭ ሲልም በጆሮዬ ሰማሁት።

«ያቁሙ። ጫማዎን ያውልቁና በባዶ እግር ይንዷት» አልኳቸው። የጋራዣችን ደንብ ነው፤ ፔዳል መላላቱንም መጥበቁንም የሚያውቀው ባዶ እግር ነው።

«ወገቤ አይታጠፍልኝም፤ አንተው አውልቅልኝ።»

ሞተሩ ሳይጠፋ በሩን ከፍቼ ተንበረከኩ። የግራው ወጣ። የቀኙ ግን አልወጣ አለኝ። ቀና አድርጌ ሶሉን ሳየው፣ መሃሉ ላይ ፔዳሉን ከመምታት ብዛት ያብለጨለጨ የሚስማር ራስ አለ። ፒንሳዬን አነሳሁና ያዝኩት። ስስበው ረጅም ነው፤ አያልቅም። ተከትሎት የወጣው ደም ጠቁሯል፣ ሽታው ፊቴን አስዞረኝ። እግራቸው ንቅንቅ አላለም።

እሳቸው መሪው ላይ ተደግፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሞተሩን ያዳምጣሉ።

«እህ» አሉኝ፣ «እስካሁን አላገኘኸውም?»