የአራጌ ጉድጓድ

ሌሊቱን ዝናብ ሲጠጣ ያደረው ገደል ረፋዱ ላይ ተናደና ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ቆፋሪዎች ጉድጓዶች ደፈናቸው። በዚያ ገደል ማንም የሰው ጉድጓድ አይገባም፤ የገባ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ታናሽ ወንድሙን አራጌን የት እንደሚፈልገው አልጠፋውም። ዶማውን ይዞ ወደ አራጌ ጉድጓድ ሲሮጥ መንገድ ላይ ካለ ሌላ ጉድጓድ የሰው ድምፅ ሰማ።

«ማነህ?»

«ይመር ነኝ፣ የወንዝ ማዶው! አፈሩ ስስ ነው፤ ስለ ፈጠረህ፣ ትንሽ ብትቆፍርልኝ እወጣለሁ!»

«እኔ የምፈልገው ወንድሜን ነው። አንተም ወገን አለህ፤ እሱ ይምጣልህ።»

«ኧረ ቆይ! ስማኝማ...»

አልቆየም። እጁ እስኪደማ ቆፍሮ የአራጌ ጉድጓድ መጨረሻ ሲደርስ ግን ከአራጌ ጃኬት በቀር ምንም አላገኘም።

ሲመለስ ሌሎች ሰዎች ይመርን አውጥተውታል። ይመር አፈር እንደለበሰ መሬት ላይ ተቀምጦ የአራጌን ራስ ጭኑ ላይ ይዟል።

«መጀመሪያ የተናደው የእኔ ብቻ ነበር» አለ። «ጩኸቴን ሰምቶ ሊያወጣኝ ሲገባ ነው ሁለተኛው ናዳ የመጣብን። ድንጋይ ደረቱን ተጭኖት መጮህ አቃተው፤ እኔም ‹እዚህ ነው› ልልህ ስል ሄድክብኝ። ነፍሱ የወጣችው አሁን፣ ሰዎቹ ሊደርሱልን ሲሉ ነው።»

ሰውየው ዶማውን እንደያዘ ቆመ።

«ድምፅህን ሲሰማ ግን ደስ ብሎት ነበር» አለው ይመር። «‹አይዞህ፣ ወንድሜ መጣልን› አለኝ።»